ጥርጣሬው ከመዘግየቱ በኋላ መጣ

ኢትዮጵያ የኮቪድ-19 ክትባት መስጠት የጀመረችው መጋቢት 4 ቀን 2013 ዓ.ም. በአዲስ አበባ ኤካ ኮተቤ ሆስፒታል ነው። የመጀመሪያው ታማሚ በአገሪቱ መገኘቱ ከተነገረ ልክ ዓመቱ ነበር። ከስድስት ቀን ቀደም ብሎ የደረሰው 2.2 ሚሊዮን ገደማ ዶዝ፣ ኮቫክስ የተባለው ዓለም አቀፍ የክትባት ማከፋፈያ የላከው ሕንድ ውስጥ የተመረተ አስትራዜኔካ ነው። ዘመቻው ከመጀመሩ ሁለት ቀን በፊት ዴንማርክ ያንኑ ክትባት መስጠት አቁማ ነበር። ከተጀመረ ከሁለት ቀን በኋላ ደግሞ ጀርመን፣ ፈረንሳይና ጣሊያን አቆሙ። ምክንያታቸው ከክትባቱ በኋላ በጥቂት ሰዎች ላይ የታየ ያልተለመደ የደም መርጋት ነበር። ዓመት ሙሉ የተጠበቀው ክትባት እኛ ዘንድ የደረሰው፣ ቀድመውን ሲከተቡ የነበሩት መጠራጠር በጀመሩበት በዚያው ሳምንት ሆነ።

ከዚያ ወዲህ ስለ ክትባት የሚደረገው ክርክር በሦስት ጎራ ተከፍሎ ቆይቷል። መዘግየቱን የሚያነሳው ጣቱን ወደ አምራቾችና ወደ ሀብታም መንግሥታት ይቀስራል። ፍትሕን የሚያነሳው ስለ ፓተንት ሕግና ስለ ድሮ የቅኝ ግዛት በደል ይናገራል። ስለ ደኅንነት የሚጠይቀው ግን አብዛኛውን ጊዜ መልስ ሳይሆን ቅጽል ነው የሚያገኘው፤ ያልተማረ፣ ወሬ የሚነዳው፣ የቴሌግራም ምርኮኛ ይባላል። በእኔ እምነት ሦስቱ አንድ ጉዳይ ናቸው፤ ቅደም ተከተልም አላቸው። አፍሪካ ውስጥ ክትባቱ በሰፊው ያልተዳረሰው ሕዝቡ ስለተጠራጠረ ነው የሚለው ማብራሪያ ነገሩን ከጅራቱ የያዘ ነው። መጀመሪያ ኢፍትሐዊ ክፍፍል ነበር፤ እሱ መዘግየትን ወለደ፤ ጥርጣሬው ያደገው መዘግየቱ በፈጠረው ባዶ ጊዜ ውስጥ ነው። ስለዚህ ስለ ደኅንነት የሚጠይቀውን ሰው ዝም ማሰኘት ክትባቱን አይጠቅመውም። የሚጠቅመው የጠየቀውን በቁጥር መመለስ ነው።

ሕዝቡ ከመጀመሪያው ተጠራጣሪ ነበር ለሚል ሰው አንድ ጥናት ላሳየው። ዋና መሥሪያ ቤቱ አዲስ አበባ የሆነው የአፍሪካ በሽታዎች ቁጥጥርና መከላከያ ማዕከል፣ በተለምዶ አፍሪካ ሲዲሲ የምንለው፣ እ.ኤ.አ. በ2020 ሁለተኛ አጋማሽ በ15 አገሮች ከ15 ሺህ የሚበልጡ አዋቂዎችን አስጠይቆ ነበር። ደኅንነቱና ውጤታማነቱ የተረጋገጠ ክትባት ቢመጣ ትወስዳላችሁ ወይ ሲባሉ 79 ከመቶዎቹ አዎ አሉ። ኢትዮጵያ ውስጥ አዎ ያለው 94 ከመቶ ነው፤ ከተጠየቁት አገሮች ሁሉ ከፍተኛው። ዝቅተኛው 59 ከመቶ ሲሆን የዴሞክራቲክ ኮንጎ ነው። እርግጥ ለጠያቂ አዎ ማለት ጤና ጣቢያ ድረስ ሄዶ ተሰልፎ እንደ መከተብ አይደለም፤ እንግዳ ጠያቂን ማሳፈር የሚከብደው ሕዝብ መሆናችንም መዘንጋት የለበትም። ይህ ሁሉ ተቀንሶ እንኳ 94 ከመቶ ክትባት ጠል ሕዝብ የሚሰጠው መልስ አይደለም። ጥያቄው ውስጥ የተቀመጠውንም ቅድመ ሁኔታ ልብ እንበል። ሰዎቹ አዎ ያሉት ደኅንነቱ ለተረጋገጠ ክትባት ነው። ቅድመ ሁኔታው ምክንያታዊ ነበር፤ ከዚያ በኋላ ሊያሟላላቸው የሞከረ ጥቂት ነው።

ፈቃደኛ የነበረው ሕዝብ ክትባት አላገኘም። እ.ኤ.አ. በጃንዋሪ 2021 አጋማሽ የዓለም ጤና ድርጅት ዋና ዳይሬክተር ዶክተር ቴድሮስ አድኃኖም ለድርጅቱ ቦርድ ባደረጉት ንግግር፣ ቢያንስ በ49 ከፍተኛ ገቢ ባላቸው አገሮች ከ39 ሚሊዮን በላይ ዶዝ ሲሰጥ፣ በአንዲት ዝቅተኛ ገቢ ባላት አገር የተሰጠው 25 ዶዝ ብቻ መሆኑን ተናግረው ነበር። ሚሊዮንም ሺህም የሌለበት፣ ሃያ አምስት። ኮቫክስ በ2021 መጨረሻ 2 ቢሊዮን ዶዝ ለማድረስ አቅዶ ነበር፤ አንድ ቢሊዮኛውን ዶዝ ያደረሰው በጃንዋሪ 2022 ነው። ትልቁ ተስፋው የተጣለው በአንድ የሕንድ ፋብሪካ ላይ ነበር። በ2021 የጸደይ ወራት ሕንድ በሁለተኛው ማዕበል ስትመታ ክትባት ወደ ውጭ መላክ አቆመች፤ ለኮቫክስ መልሳ መላክ የጀመረችው ዓመቱ ሊያልቅ ሲል ነው። ያለ ኮቫክስ በራሷ ገንዘብ ልግዛ ያለችው ደቡብ አፍሪካ ደግሞ ለአንድ ዶዝ አስትራዜኔካ 5.25 ዶላር ስትጠየቅ፣ የአውሮፓ ኅብረት የከፈለው 2.16 ዶላር ገደማ ነበር። ቀደም ብላችሁ በምርምሩ ላይ ገንዘብ አላዋላችሁም ተባለ፤ ክትባቱ ከተሞከረባቸው አገሮች አንዷ ግን ራሷ ደቡብ አፍሪካ ነበረች። በዚያው አገር፣ ድሮ ፖርት ኤልዛቤት ትባል በነበረችው ከተማ፣ አስፐን የተባለው ፋብሪካ በብልቃጥ የሚሞላው የጆንሰን ኤንድ ጆንሰን ክትባት ወደ አውሮፓ ሲጫን እንደነበር በ2021 ክረምት ታወቀ። አፍሪካ ምድር ላይ የታሸገ ክትባት፣ ከሕዝቧ ከመቶ ጥቂቱ ብቻ ከተከተበባት አህጉር ተነስቶ፣ አብዛኛው አዋቂ ወደተከተበበት አህጉር ይሄድ ነበር።

መዘግየቱ ጊዜ ብቻ አልወሰደም፤ የሚደርሰውንም ክትባት አበላሸ። የዴሞክራቲክ ኮንጎን ታሪክ በዚህ ረገድ ደጋግሞ ማሰብ ይገባል። በማርች 2021 መጀመሪያ 1.7 ሚሊዮን ዶዝ ደረሳት። የአውሮፓ አገሮች ሲያቆሙ እሷም ዘመቻዋን ለማዘግየት ወሰነች። በአፕሪል ሁለተኛ አጋማሽ ስትጀምር የመጠቀሚያ ጊዜው ሊያልፍ የቀረው አጭር ስለነበር 1.3 ሚሊዮን ያህሉን ለሌሎች አገሮች እንዲከፋፈል መልሳ ሰጠች። ኪንሻሳ ያለው ባለሥልጣን የሠራው ሞኝነት ነበር ለማለት ይከብዳል። የራሱ የደኅንነት ክትትል ሥርዓት በሌለበት፣ በርሊንና ፓሪስ ያቆሙትን እኔ ልቀጥል ለማለት ምን ይዞ ይናገራል? ማላዊ ደግሞ በሜይ 2021 ጊዜው ያለፈበት 19,610 ዶዝ በይፋ አቃጠለች፤ ያ ክትባት አገር ውስጥ ሲገባ የቀረው ዕድሜ ሦስት ሳምንት እንኳ አይሞላም ነበር። ናይጄሪያ በዲሴምበር ከአንድ ሚሊዮን በላይ አስወገደች። የማላዊ ባለሥልጣናት ምክንያታቸውን ሲገልጹ፣ ሕዝቡ ጊዜው ያለፈበት እየተሰጠኝ ነው ብሎ ጭራሽ እንዳይሸሽ በግልጽ ማቃጠሉን እንደመረጡ ተናገሩ። ከንብረት ብክነት አንጻር ብዙ የተተቹበት ውሳኔ ነው፤ እኔ ግን ከዚያ ዓመት ጥሩ ውሳኔዎች አንዱ ነበር ባይ ነኝ።

የኮቪሺልድ ጉዳይ ደግሞ አለ፤ የሰውን ልብ እንደዚያ ያሻከረ ነገር ያለ አይመስለኝም። ኮቫክስ ለኢትዮጵያና ለብዙ የአፍሪካ አገሮች የላከው የአስትራዜኔካ ክትባት በሕንድ የንግድ ስሙ ኮቪሺልድ ይባላል። ቀመሩ አንድ ነው፤ የዓለም ጤና ድርጅትም ለሁለቱም ዕውቅና ሰጥቷል። የአውሮፓ ኅብረት በጁላይ 2021 የክትባት የምስክር ወረቀቱን ሥራ ላይ ሲያውል ግን በኅብረቱ መድኃኒት ተቆጣጣሪ የተመዘገበው በአውሮፓ ስሙ የሚጠራው ብቻ ስለነበር ኮቪሺልድ ዝርዝሩ ውስጥ አልገባም። አገሮች በየግላቸው ሊቀበሉት ይችሉ ነበር፤ የተወሰኑትም ተቀብለዋል። ነገር ግን ፍራንክፈርት ወይም ሮም ያለ ዘመዱን ለመጠየቅ ቪዛ ይዞ የተነሳ ኢትዮጵያዊ ከዚህ የቢሮክራሲ ቋጠሮ የሚረዳው አንድ ነገር ነው፤ ለእኔ ደኅና ነው ብለው የላኩልኝን ድንበራቸው ላይ አናውቀውም አሉ። ከዚህ በኋላ አሥር የጤና ሚኒስቴር ማስታወቂያ ቢነገረው ምን ያህል ይሰማል? ይህን ጥርጣሬ የወለደው ድንቁርና ነው የሚል ካለ፣ በዚያ ሰው ቦታ ሆኖ ከዚህ የተሻለ ድምዳሜ ላይ ይድረስና ያሳየን።

እነሱ የተዉትን ለምን ለእኛ የሚለው ጥያቄ መልስ ነበረው፤ መልሱም ክትባቱን የሚደግፍ ነበር። የአውሮፓ መድኃኒቶች ኤጀንሲ እስከ ማርች 22 ቀን 2021 ድረስ የሰበሰበውን መርምሮ 86 ከባድ የደም መርጋት ሪፖርቶችን አገናዘበ፤ ከነዚህ 18ቱ ሰዎች ሞተዋል። ክትባቱን የወሰዱት 25 ሚሊዮን ገደማ ነበሩ። በአፕሪል 7 ቀን ኤጀንሲው ይህን ጉዳት እጅግ አልፎ አልፎ የሚከሰት የጎንዮሽ ጉዳት ብሎ በመረጃ ወረቀቱ ላይ እንዲጻፍ አደረገ፤ ጥቅሙ ግን ከጉዳቱ ይበልጣል አለ። በዚያው መረጃ ላይ ተመሥርተው ሦስት አገሮች ሦስት የተለያየ ውሳኔ ወሰኑ። ዴንማርክ ሙሉ በሙሉ ተወችው፤ ምክንያቷም ሥርጭቱ ዝቅ ያለ፣ አረጋውያኑ በአብዛኛው የተከተቡ፣ ሌላ ክትባትም በእጇ ያለ መሆኑ ነው። ሁኔታው ቢለወጥ መልሳ ልትጠቀምበት እንደምትችልም ተናግራለች። እንግሊዝ ለወጣቶች ሌላ አማራጭ እንዲሰጥ ብላ፣ መጀመሪያ ከ30 ዓመት በታች፣ ቀጥሎ ከ40 በታች ላሉት ገደበችው፤ ለሌላው ቀጠለች። እኛ ዘንድ አማራጭ ክትባት አልነበረም፤ ቅድሚያ የተሰጣቸውም የጤና ባለሙያዎች፣ አረጋውያንና ተጓዳኝ ሕመም ያለባቸው ናቸው። በኮቪድ የመሞት ዕድሉ ከፍ ላለ የ70 ዓመት አዛውንት ስሌቱ ለ25 ዓመት የኮፐንሃገን ወጣት ከሚሠራው ፈጽሞ ሌላ ነው። ኮፐንሃገን በማቆሟ፣ አዲስ አበባም በመቀጠሏ ትክክል ሊሆኑ ይችላሉ። ይህ ለማስረዳት ሩብ ሰዓት የሚበቃው ነገር ነው። በየመድረኩ የተሰማው ግን ክትባቱ ደኅና ነው፣ አትስጉ የሚል ቃል ብቻ ነበር።

እዚህ ላይ ብዙ የጤና ባለሙያዎች የሚያነሱት ተቃውሞ አለ፤ ቀላልም አይደለም። በሚሊዮን ጥቂት ሰው ላይ የሚደርስን ነገር ለሕዝብ ማውራት፣ በሺዎች የሚቆጠሩትን አስደንግጦ ከክትባት ያርቃል፤ የሚጠፋው ሕይወት ከሚተርፈው ይበዛል ይላሉ። አሜሪካ በአፕሪል 2021 ከ6.8 ሚሊዮን ዶዝ በኋላ 6 ሰዎች ላይ የደም መርጋት ታይቶ የጆንሰን ኤንድ ጆንሰንን ክትባት ለአሥር ቀን ስታቆም የክትባቱ ተፈላጊነት ወድቆ እንደቀረ ይጠቅሳሉ። እውነት ነው፤ ግልጽነት ዋጋ ያስከፍላል። ዝምታ ግን ከዚያ የበለጠ ያስከፍላል፤ ዋጋውም የሚጠየቀው ቆይቶ ነው። ፊሊፒንስ በ2016 ከ800 ሺህ በላይ ለሚሆኑ ተማሪዎች ዴንግቫክሲያ የተባለውን የዴንጊ ክትባት መስጠት ስትጀምር፣ ቀደም ሲል በዴንጊ ያልተያዘን ልጅ ለከፋ ሕመም ሊያጋልጥ ይችላል የሚል የሳይንቲስቶች ማስጠንቀቂያ ነበር። ዘመቻው ቀጠለ። በኖቬምበር 2017 አምራቹ ሳኖፊ ራሱ ማስጠንቀቂያውን አረጋገጠ። ክትባት አስፈላጊ ነው በሚለው አጥብቀው ይስማሙ የነበሩት በ2015 93 ከመቶ ሲሆኑ በ2018 ወደ 32 ከመቶ ወረዱ። ፖለቲከኞች እሳቱን ማራገባቸው ባይካድም፣ ማገዶውን ያቀረበው የተናቀው ማስጠንቀቂያ ነው። በ2019 በአገሪቱ ኩፍኝ ተቀሰቀሰ፤ ከዴንጊ ጋር አንዳች ግንኙነት የሌለው በሽታ።

በራሱ በአስትራዜኔካ ላይም ያው ታሪክ በትንሹ ተደግሟል። በ2024 መጀመሪያ ኩባንያው ለእንግሊዝ ፍርድ ቤት ባቀረበው ሰነድ ክትባቱ እጅግ አልፎ አልፎ የደም መርጋት ሊያስከትል እንደሚችል መግለጹ ሲዘገብ፣ ቀጥሎም በሜይ ወር የአውሮፓ ፈቃዱን በራሱ ጥያቄ ሲያስነሳ፣ በየአገሩ በማኅበራዊ መገናኛ ላይ ወሬው የተዛመተው እንደ ትልቅ ኑዛዜ ነው። ተደብቆ የኖረ ምስጢር ተጋለጠ ተባለ። ያ ምስጢር ግን በክትባቱ የመረጃ ወረቀት ላይ ከሦስት ዓመት በፊት ታትሞ የተቀመጠ ነበር። ፈቃዱም የተመለሰው አዳዲስ ክትባቶች በዝተው ገበያ ስላጣ ነው። በ2021 በገዛ ቋንቋው በግልጽ ተነግሮት የነበረ ሰው በ2024 ይህን አውቀዋለሁ ብሎ ያልፍ ነበር። ያልተነገረው ሰው ግን ተታለልኩ አለ፤ ስሜቱን ልወቅሰው አልችልም። ሌላም ተግባራዊ ምክንያት አለ። ይህ የደም መርጋት ከተለመደው ስለሚለይ ሕክምናውም ይለያል፤ በተለምዶ ለመርጋት የሚታዘዘው ሄፓሪን እዚህ ላይ ሊያባብስ ስለሚችል እንዳይሰጥ መመሪያዎች አዘዋል። ክትባት ወስዶ ከሳምንት በኋላ በማይለቅ ራስ ምታት የሚመጣን ታማሚ የሚቀበል ሐኪም ይህን ማወቁ ሕይወት ያድናል። መረጃው ሕዝብን ያስፈራል ተብሎ ሲታፈን ሐኪሙም አብሮ ይታፈናል።

ኢፍትሐዊነትና ደኅንነት እንዴት እንደሚጠላለፉ ከኮቪድ በፊት የታየበት ጉዳይ አለ፤ ብዙ ባይወራለትም። እ.ኤ.አ. በ1998 አሜሪካ ሮታሺልድ የተባለ የሮታ ቫይረስ ክትባት ፈቀደች። በዓመቱ፣ ከተከተቡ 10 ሺህ ሕፃናት በአንዱ ገደማ ላይ አንጀት ወደ ውስጡ ተጣጥፎ የመዘጋት ችግር ታየና ከገበያ ወጣ። በአሜሪካ ለሮታ ቫይረስ ተቅማጥ ሆስፒታል ደርሶ የማይድን ሕፃን ጥቂት ነው፤ ውሳኔው ለእነሱ ትክክል ነበር። በአፍሪካና በእስያ ግን በዚያን ጊዜ ያው በሽታ በየዓመቱ በመቶ ሺዎች የሚቆጠሩ ሕፃናትን ይገድል ነበር። ለእነዚያ ሕፃናት ሚዛኑ በሌላ በኩል ያጋድል እንደነበር የሚያስሉ ሳይንቲስቶች ነበሩ። ሆኖም አሜሪካ የጣለችውን ክትባት ለሕዝቤ እሰጣለሁ የሚል መንግሥት አልተገኘም፤ ቢገኝም ምን ይባል እንደነበር ለመገመት አያዳግትም። ተተኪዎቹ ክትባቶች በአሜሪካና በአውሮፓ እ.ኤ.አ. በ2006 ፈቃድ አገኙ። ኢትዮጵያ የሮታ ክትባትን በመደበኛ መርሐ ግብሯ ያስገባችው እ.ኤ.አ. በ2013 መጨረሻ ነው። ከሮታሺልድ መነሳት እስከዚያ 14 ዓመት ይሆናል። ለዚህ መዘግየት ተጠያቂው ማን ነው? አምራቹ አይደለም፣ ዋሽንግተንም አይደለችም። ለራሳችን ልጆች ጥቅሙንና ጉዳቱን በራሳችን መረጃ መዝኖ፣ በሕዝብ ፊት ቆሞ የሚያስረዳ የታመነ ተቋም አለመኖሩ ነው።

ይህ ክርክር አሁን ገንዘብም እያሳጣን ነው። በጁን 2025 የአሜሪካ የጤና ሚኒስትር ሮበርት ኬኔዲ ለድሃ አገሮች ክትባት የሚገዛው ጋቪ የደኅንነት ጥያቄዎችን ችላ ብሏል በማለት አገራቸው ለድርጅቱ ገንዘብ መስጠት እንደምታቆም አስታወቁ። ከጠቀሷቸው ነገሮች ዋናው በሀብታም አገሮች የተተወው አሮጌው የትክትክ ክትባት ዓይነት ነው። እኛ ዘንድ ከእ.ኤ.አ. 2007 ጀምሮ ለሕፃናት የሚሰጠው አምስት በአንዱ ክትባት ውስጥ ያለው እሱ ነው። እነሆ ያ ጥያቄ እንደገና መጣ፤ እነሱ የተዉትን ለምን ለእኛ? መልሱም እንደገና አለ። አሮጌው ዓይነት ትኩሳትና የክንድ እብጠት ያበዛል፤ ሀብታም አገሮች የተዉት በዚህ ምክንያት ነው። የሚሰጠው መከላከያ ግን ከአዲሱ ይልቅ ረዘም ይላል፤ አዲሱን የያዙት አገሮች ትክትክ እየተመላለሰባቸው መቸገራቸው የታወቀ ነው። ትክትክ ሕፃናትን በሚገድልበት አገር ረዘም ያለውን መከላከያ ለአንድ ሌሊት ትኩሳት መለወጥ ጥሩ ንግድ ነው። ይህን ግን ለእናቶች በየጤና ኬላው ማን አስረድቶ ያውቃል? ከዋሽንግተን የመጣ ንግግር ቀድሞ ከደረሳቸው ነገ የምንሰማውን ከወዲሁ መገመት ይቻላል።

አንድ መንግሥት ቀድሞ ለዜጋው ቢያስብ ምን ያስነውረዋል የሚለውን ተቃውሞ በአጭሩ ላንሳው። አያስነውረውም። የእኛም መንግሥት ፋብሪካ ቢኖረው ቀድሞ ለእኛ ይስጥ ነበር። ነውሩ ያለው ከሕዝቡ ቁጥር ብዙ እጥፍ ማዘዝ፣ የተረፈውን ማከማቸትና ሊበላሽ ሲል ስጦታ ብሎ መላክ ላይ ነው። አንድ ሀብታም አገር ወጣቱን ከመከተቡ በፊት የድሃ አገር ነርስ ትከተብ ቢባል ሀብታሙ አገር የሚያጣው ነገር ትንሽ ነበር። በማኅፀን በር ካንሰር ክትባት ላይ ያው ጉዳይ ሲነሳ፣ በ2019 የዓለም ጤና ድርጅት አማካሪዎች እጥረቱ እስኪቃለል የወንዶችን ክትባት አገሮች እንዲያዘገዩ መክረው ነበር። ኢትዮጵያ እ.ኤ.አ. በ2018 መጨረሻ ስትጀምር በእጥረቱ ምክንያት ለ14 ዓመት ልጃገረዶች ብቻ ነበር መስጠት የቻለችው። የአማካሪዎቹ ቃል ግን ምክር ነበር እንጂ ግዴታ አልነበረምና ብዙ ሀብታም አገሮች ወንዶችን መከተብ ቀጠሉ።

ከሁሉ ጠንካራ የሚመስለኝ ተቃውሞ ግን ሌላ ነው። የአብዛኛው ሕዝቧ ዕድሜ ከ20 ዓመት በታች በሆነባት ኢትዮጵያ ኮቪድ እንደገደለው በይፋ የተመዘገበው ሰው 7,500 ገደማ ነው፤ ይህን ያህል መዘግየት ምን ጎዳን? መጀመሪያ ነገር ሞት በአግባቡ በማይመዘገብበት አገር ይህ ቁጥር የሆስፒታል ቁጥር ነው። ሁለተኛ ግን፣ ተቃውሞው የያዘው እውነት አለ፤ መካድም አያስፈልግም። የዓለም ጤና ድርጅት ከሕዝቡ 40 ከመቶ፣ ኋላም 70 ከመቶ ይከተብ የሚል ዒላማ ሲያወጣ፣ አገሮች ቁጥሩን ለመሙላት በቀላሉ የሚገኘውን ሰው ሁሉ መከተብ ጀመሩ። ድርጅቱ ራሱ በ2022 አጋማሽ ስልቱን አርሞ ቅድሚያ ለጤና ባለሙያና ለአረጋውያን አለ፤ በ2023 ደግሞ ጤነኛ ልጆችና ታዳጊዎች የመጨረሻው ቅድሚያ መሆናቸውን አስታወቀ። ለጤነኛ ታዳጊ ክትባቱ የግድ ነው እየተባለ ሲሰበክ የሰማ ሰው ይህን ሲሰማ ምን ይበል? እዚህም ላይ መዘግየቱ ሥራውን ሠርቷል። ክትባቱ እጅግ የሚያስፈልገው ለአያቶቻችንና ለነርሶቻችን በ2021 መጀመሪያ ነበር፤ በብዛት የመጣው ሞቱ ካለፈ በኋላ ለሁሉም ነው። ጅብ ከሄደ ውሻ ጮኸ ማለት ይኸው ነው። የጠፋውም ጊዜ ከመደበኛው የሕፃናት ክትባት ተቀንሷል። በሰሜኑ ጦርነት ጤና ጣቢያዎች ፈርሰው፣ በአፋርና በሶማሌ ክልሎች ቀድሞውንም ሽፋኑ ዝቅተኛ ሆኖ፣ አገራችን አንድም ክትባት ያልደረሳቸው ሕፃናት ከሚበዙባቸው የዓለም አገሮች ተርታ ናት። በጄኔቫ ፍትሕ የሚጠይቅ ሰው ይህንንም አገር ውስጥ ያለ የክፍፍል ጉዳይ አብሮ ማንሳት አለበት።

ጥፋቱን ሁሉ ወደ ውጭ ማላከክ እንደማይቻል የኤምፖክስ (የዝንጀሮ ፈንጣጣ) ጉዳይ በደንብ አሳይቷል። ክትባቱ በአሜሪካ ፈቃድ ያገኘው በ2019 ነው። በ2022 በሽታው ወደ አውሮፓና አሜሪካ ሲገባ እዚያ ወዲያውኑ ተሰጠ። በሽታው ከግማሽ ምዕተ ዓመት በላይ የኖረባት ዴሞክራቲክ ኮንጎ የመጀመሪያውን ብዛት ያለው ክትባት ያገኘችው በሴፕቴምበር 2024 ነው። የዚህ ገሚሱ ስስት ነው። ገሚሱ ግን የፈቃድ ሂደት ነው፤ የዓለም ጤና ድርጅት ማረጋገጫውን የሰጠው በዚያው በሴፕቴምበር ሲሆን፣ በተለመደው አሠራር ያለዚያ ጋቪና ዩኒሴፍ መግዛት አይችሉም ነበር። የአገሪቱ ተቆጣጣሪም የፈቀደው በ2024 አጋማሽ ነው። እዚህ ላይ የጋናን ተቃራኒ ምሳሌ አስቀምጡ። የጋና ምግብና መድኃኒት ባለሥልጣን አር 21 የተባለውን የወባ ክትባት መርምሮ በአፕሪል 2023 ከዓለም ሁሉ ቀድሞ ፈቀደ፤ የዓለም ጤና ድርጅት የደገፈው በኦክቶበር ነው። ብቁ ተቆጣጣሪ ያለው አገር ደኅንነትን በመመርመሩ አይዘገይም፤ የሌሎችን ምርመራ ከመጠበቅ ስለሚድን ይፈጥናል እንጂ።

ስለዚህ በክትባት ፍትሕ ስም ከምንጠይቀው ይልቅ ራሳችን የምንሠራው ነገር ቀዳሚ መሆን አለበት። የአፍሪካ ኅብረት እ.ኤ.አ. በ2040 አህጉሪቱ ከምትጠቀምበት ክትባት 60 ከመቶውን እንድታመርት አቅዷል። አስፐን በ2022 ክትባቱን በራሱ ስም ለአፍሪካ የማምረት ፈቃድ ቢያገኝም አንድም ትዕዛዝ እንዳልመጣለት አይረሳም፤ የአፍሪካ መንግሥታትም አላዘዙም። በሜይ 2025 የጸደቀው የዓለም የወረርሽኝ ስምምነት አምራቾች ከምርታቸው 20 ከመቶውን ለዓለም ጤና ድርጅት እንዲያቀርቡ፣ ቢያንስ ግማሹንም በነጻ እንዲሰጡ ያለመ ነው፤ ዝርዝሩ ግን ለተጨማሪ ድርድር ተላልፎ ነበር። ተደራዳሪዎቻችን እዚያ ሊያስገቡት የሚገባ አንድ አንቀጽ ቢኖር፣ የሚላከው ክትባት የቀረው ዕድሜ ከስንት ወር እንዳያንስና በላኪው አገር የሚሰጠው የደኅንነት መረጃ በዚያው ቀን ለተቀባዩ እንዲደርስ የሚል ነው። አገር ውስጥ ደግሞ የኢትዮጵያ ምግብና መድኃኒት ባለሥልጣን ከክትባት በኋላ የሚደርሱትን የጎንዮሽ ጉዳት ሪፖርቶች፣ ስንት እንደደረሱ፣ ስንቱ እንደተመረመሩ፣ ስንቱ ከክትባቱ ጋር ግንኙነት እንደተገኘባቸው፣ በየወሩ ለሕዝብ ያውጣ። ጥቂት ሪፖርት መድረሱ ጉዳት የለም ማለት አይደለም፤ አላየንም ማለትም ሊሆን ይችላልና እሱንም ይግለጽ። በየቀበሌው ያሉት የጤና ኤክስቴንሽን ሠራተኞች እናቶች የሚጠይቋቸውን ይሰማሉ፤ ያንን ጥያቄ ወደ ላይ የሚያደርስ፣ መልሱንም በአማርኛ፣ በኦሮምኛ፣ በሶማልኛ፣ በትግርኛና በአፋርኛ ከነቁጥሩ በአንድ ገጽ ጽፎ የሚመልስ ክፍል በጤና ሚኒስቴር ይቋቋም። ሥራውንም የሚቀጥለው ዘመቻ እስኪታወጅ ሳይጠብቅ፣ ከአሁኑ ከትክትኩና ከኩፍኙ ክትባት ይጀምር።